ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ

ኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ (ዲሴምበር 18 ቀን 1890 – ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የሬዲዮ ፈጣሪ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሬዲዮ ቴክኖሎጂ ከቆመባቸው ሥራዎች መካከል ሦስቱ የእርሱ ናቸው፦ በ1912 ያገኘው ሬጄኔራቲቭ ሰርኪውት፣ በ1918 የፈጠረው ሱፐርሄትሮዳይን መቀበያ እና በ1933 ፓተንት ያገኘበት ሰፊ ባንድ ኤፍ ኤም። ሦስቱም የሚመልሱት ተያያዥ ጥያቄዎችን ነው። የመጀመሪያው ደካማ ምልክት እንዴት ይጎላል የሚል ነው። ሁለተኛው ከብዙ ምልክቶች መካከል የሚፈለገው ብቻ እንዴት ይመረጣል የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው የተመረጠው ምልክት ከረባሽ ድምፅ እንዴት ይጸዳል የሚል ነው። ዛሬም የድምፅ አምፕሊፋየር (ማጉያ) ከነማጣሪያው እንዲሠራ የታዘዘ ተማሪ እነዚህኑ ጥያቄዎች መመለስ አለበት።

አርምስትሮንግ በሥራው ሀብትና ክብር ቢያገኝም የሕይወቱን ብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ክርክር አሳልፏል። የመጀመሪያ ፈጠራውን ባለቤትነት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተነጠቀ፤ በመጨረሻው ፈጠራው ምክንያት የተነሣው ሙግት ደግሞ እርሱ በሕይወት ሳለ አልተቋጨም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የልጅነት ጊዜ

አርምስትሮንግ በኒው ዮርክ ከተማ ቼልሲ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጆን አርምስትሮንግ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የአሜሪካ ቅርንጫፍ ይሠራ ነበር፤ እናቱ ኤሚሊ ስሚዝ ደግሞ አስተማሪ ነበረች። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ጡንቻን ያለፈቃድ የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም ያዘው። በዚህም ምክንያት ለሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ርቆ በቤቱ ተማረ። ሕመሙ ቢለቀውም የአንገትና የትከሻ መንቀጥቀጥ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ኖረ፤ በተለይ ሲጨነቅ ይብስበት ነበር።

ቤተሰቡ በኋላ ከኒው ዮርክ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ዮንከርስ ተዛወረ። ቤታቸው የሃድሰንን ወንዝ ቁልቁል የሚያይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበር። ልጁ ስለ ፈጣሪዎችና ስለ ማርኮኒ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ የሚያወሳ መጽሐፍ ካነበበ በኋላ ፈጣሪ ለመሆን ወሰነ። በቤቱ ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል መሣሪያዎቹን ደርድሮ ከሩቅ የሚመጡ የቴሌግራፍ ምልክቶችን ያዳምጥ ጀመር። ምልክቶቹ ግን እጅግ ደካማ ነበሩ። እነርሱን ለማጠንከር በግቢው 38 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የአንቴና ምሰሶ በገዛ እጁ አቆመ። ከፍታ አያስፈራውም ነበር፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ ወጥቶ መሥራት ደስ ይለው ነበር።

በዚያ ዘመን የነበረው የሬዲዮ መቀበያ አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፦ ማጉያ አልነበረውም። አድማጩ የሚሰማው አንቴናው ከአየር የሰበሰበውን ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ጸጥ ባለ ክፍል መቀመጥ ነበረበት።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ

አርምስትሮንግ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማረ። ከዮንከርስ ወደ ትምህርቱ የሚመላለሰው በቀይ ሞተር ብስክሌት ነበር። ከመምህራኑ መካከል ትውልደ ሰርብያዊው ሚካኤል ፑፒን ይገኝበታል። ፑፒን በረጅም የስልክ መስመር ላይ በየተወሰነ ርቀት ጥቅል ሽቦ በማስገባት ድምፅ ሳይደክም ሩቅ እንዲደርስ ያደረገ የታወቀ ሳይንቲስት ነበር። ተማሪው አርምስትሮንግ በመጽሐፍ የተጻፈውን ወይም ከመምህር የሰማውን ሁሉ በሙከራ ሳያረጋግጥ አይቀበልም ነበር፤ ይህም አንዳንድ መምህራኑን ያስቀይም ነበር።

በዚህ ጊዜ ትኩረቱን የሳበው ኦዲዮን የተባለው የመስታወት አምፖል ነው። ኦዲዮንን በ1906 የፈጠረው ሊ ደ ፎረስት ነበር። በአምፖሉ ውስጥ ሦስት ክፍሎች አሉ፦ ሲግል ኤሌክትሮን የሚተፋ ቀጭን ሽቦ፣ ኤሌክትሮኑን የሚቀበል ሳህን (ፕሌት) እና በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ወንፊት መሰል ሽቦ (ግሪድ)። በግሪዱ ላይ የሚደርስ ትንሽ የቮልቴጅ ለውጥ ወደ ሳህኑ የሚፈሰውን ትልቅ ጅረት ይቆጣጠራል። ይህን በቧንቧ ላይ እንዳለ መክፈቻ ማሰብ ይቻላል፤ መክፈቻውን ለማዞር ጥቂት ጉልበት ቢበቃም የሚለቀቀው ውኃ ግን ብዙ ነው።

ደ ፎረስት ኦዲዮንን ቢፈጥረውም እንዴት እንደሚሠራ በትክክል አልተረዳም ነበር፤ በአምፖሉ ውስጥ የቀረው ጋዝ ለሥራው አስፈላጊ ነው ብሎ ያምን ነበር። አርምስትሮንግ ግን የአምፖሉን ጅረትና ቮልቴጅ በየደረጃው ለካ፤ ግንኙነታቸውንም በኩርባ ሣለ። ውጤቱን በ1914 እና በ1915 ባሳተማቸው ጽሑፎች ገለጸ። ዛሬ ተማሪዎች የትራንዚስተርን ባሕርይ የሚያጠኑበት ኩርባ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የተወረሰ ነው።

ሬጄኔሬሽን፦ ውጤትን ወደ መነሻው መመለስ

አርምስትሮንግ ሲለካ ሳለ አንድ ነገር አስተዋለ። በሳህኑ በኩል በሚወጣው ጅረት ውስጥ የጎላው የሬዲዮ ምልክት አሁንም አለ። ስለዚህ የወጣውን ምልክት ጥቂቱን በጥቅል ሽቦ አማካይነት ወደ ግሪዱ ቢመልሰው አምፖሉ ያንኑ ምልክት ደጋግሞ ያጎላዋል ማለት ነው። በ1912 ይህን ሲሞክር ከዚያ በፊት በጭንቅ ይሰሙ የነበሩ ጣቢያዎች ማዳመጫው ከጆሮ ርቆም ይሰሙ ጀመር። ይህ አሠራር ሬጄኔሬሽን ወይም ፖዘቲቭ ፊድባክ ይባላል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አምፕሊፋየር ምልክትን 10 ጊዜ ያጎላል እንበል። ከሚወጣው ምልክት 9 በመቶው በተመሳሳይ አቅጣጫ ወደ መግቢያው ቢመለስ ጠቅላላው ማጉላት 10 ሲካፈል ለ(1 − 10 × 0.09) ይሆናል፤ ይህም 100 ነው። አንዱ አምፖል የሁለት አምፖሎችን ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሚመለሰው 10 በመቶ ሲደርስ ግን አካፋዩ ዜሮ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰርኪውቱ ማጉያነቱ ቀርቶ ያለ ምንም ግቤት ራሱ ሞገድ ማመንጨት ይጀምራል። ማይክሮፎን ወደ ስፒከር ሲጠጋ የሚሰማው የፉጨት ድምፅ መነሻው ይኸው ነው። አርምስትሮንግ ይህንንም እንደ እንከን ብቻ አላየውም፤ ሞገድ የሚያመነጨው ሰርኪውት ለሬዲዮ ማሠራጫ እንደሚሆን ተገነዘበ። ስለዚህ አንዱ ግኝት ማጉያም ኦሲሌተርም (ሞገድ አመንጪም) ሰጠ።

የፓተንት ማመልከቻ ለማስገባት 150 ዶላር ያህል ያስፈልገው ነበር። አባቱ ግን በመጀመሪያ ትምህርቱን እንዲጨርስ ስለፈለገ ገንዘቡን አልሰጠውም። ወጣቱም የሰርኪውቱን ንድፍ ይዞ ጃንዋሪ 31 ቀን 1913 በውል አዋዋይ ፊት አስመሰከረ። በዚያው ዓመት ከተመረቀ በኋላ ኦክቶበር 29 ቀን ማመልከቻውን አስገባ፤ ፓተንቱንም ኦክቶበር 6 ቀን 1914 አገኘ። ያ የወራት መዘግየት ኋላ ላይ በተነሣው ክርክር ዋጋ አስከፍሎታል።

ሱፐርሄትሮዳይን፦ የሚፈለገውን መምረጥ

አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አርምስትሮንግ በጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል መኮንን ሆኖ ወደ ፓሪስ ተላከ። በኋላም የሻለቅነት ማዕረግ አገኘ። በዚያ የገጠመው ጥያቄ ከፍተኛ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ያላቸውን ደካማ ሞገዶች እንዴት መቀበል ይቻላል የሚል ነበር። የዘመኑ አምፖሎች ከፍተኛ ድግግሞሽን በደንብ ማጉላት አይችሉም ነበር። ሌላው ችግር ምርጫ ነው። አንድን ጣቢያ ከጎረቤቱ ለመለየት ከጥቅል ሽቦና ከካፓሲተር የተሠራ ማጣሪያ (ፊልተር) ያስፈልጋል። ማጣሪያው በየጣቢያው እንደገና መስተካከል ካለበትና ማጣሪያዎቹም ብዙ ከሆኑ ሁሉንም እኩል ማስተካከል አድካሚ ነው።

የአርምስትሮንግ መፍትሔ ማጣሪያውን ወደ ጣቢያው ከመውሰድ ይልቅ ጣቢያውን ወደ ማጣሪያው ማምጣት ነበር። በመቀበያው ውስጥ አንድ ኦሲሌተር ይቀመጣል። ከአንቴና የመጣው ሞገድ ከኦሲሌተሩ ሞገድ ጋር ሲቀላቀል የሁለቱ ልዩነት የሆነ አዲስ ድግግሞሽ ይወለዳል። ለምሳሌ ጣቢያው በ1000 ኪሎኸርዝ ቢያሠራጭና ኦሲሌተሩ 1455 ኪሎኸርዝ ቢያመነጭ ልዩነቱ 455 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ሌላ ጣቢያ ሲፈለግ ኦሲሌተሩ ብቻ ይቀየራል፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ ያው 455 ነው። ስለዚህ የመቀበያው ዋና ማጣሪያዎችና ማጉያዎች ለአንድ ቋሚ ድግግሞሽ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ አይነኩም።

ዘዴው የራሱ ወጥመድ አለው። በዚሁ ምሳሌ በ1910 ኪሎኸርዝ የሚያሠራጭ ሌላ ጣቢያም ከ1455 ጋር ያለው ልዩነት 455 ስለሆነ አብሮ ሊገባ ይችላል። ይህን ለመከላከል ከመቀላቀያው በፊት አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ ይደረጋል። አርምስትሮንግ የሱፐርሄትሮዳይንን ፓተንት በ1920 አገኘ። ፈረንሳዊው ሉሲየን ሌቪም ተመሳሳይ ሐሳብ ስለነበረው በመብቱ ላይ ክርክር ተነሥቷል። የፈረንሳይ መንግሥት ለአርምስትሮንግ የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ሸልሞታል።

ሀብትና ትዳር

ከጦርነቱ በኋላ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ የሬጄኔሬሽንና የሱፐርሄትሮዳይን ፓተንቶችን በ1920 በ335,000 ዶላር ገዛ። አርምስትሮንግ ብዙም ሳይቆይ ሱፐርሬጄኔሬሽን የተባለ ሌላ ሰርኪውት ሠራ፤ ይህንንም አር ሲ ኤ የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ በ200,000 ዶላርና በ60,000 አክሲዮን ገዛው። በዚህ ምክንያት ሠላሳዎቹን ብዙም ሳይሻገር ባለጸጋ ሆነ፤ የአር ሲ ኤም ትልቁ የግል ባለአክሲዮን ነበር።

የአር ሲ ኤ ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ሳርኖፍ ከ1914 ጀምሮ ወዳጁ ነበር። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሁለቱ በኒው ጀርዚ ቤልማር በሚገኝ ጣቢያ ሬጄኔራቲቭ መቀበያውን አብረው ሞክረዋል። አርምስትሮንግ ሚስቱን ያገኘውም በሳርኖፍ ቢሮ ነው፤ ማሪዮን ማክኢኒስ የሳርኖፍ ጸሐፊ ነበረች። በ1923 ተጋቡ። ለሠርጋቸው የሰጣት ስጦታ ራሱ የሠራው በእጅ የሚያዝ ሱፐርሄትሮዳይን ሬዲዮ ነበር።

ከደ ፎረስት ጋር የተደረገው ሙግት

የሬጄኔሬሽን ጥቅም እየታወቀ ሲሄድ ደ ፎረስት ፈጠራው የእኔ ነው ብሎ ተነሣ። ማስረጃው በ1912 በረዳቱ የተጻፈ ማስታወሻ ነበር፤ በዚያ ላይ የኦዲዮን ሰርኪውት ድምፅ ማውጣቱ ተመዝግቧል። አርምስትሮንግ ደግሞ ደ ፎረስት ያንን ድምፅ እንደ እንከን ቆጥሮ ትቶታል፣ ለሬዲዮም አላዋለውም፣ ለምን እንደሚሆንም አልተረዳም ሲል ተከራከረ።

በኒው ዮርክ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1922 ለአርምስትሮንግ ፈረደ። አርምስትሮንግ ግን የክርክሩን ወጪ ለደ ፎረስት ለመተው ፈቃደኛ ስላልሆነ ነገሩ ሳይዘጋ ቀረ። በሌላ መንገድ የቀጠለው ክርክር በ1924 ለደ ፎረስት ተወሰነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1928 እና በድጋሚ በ1934 ደ ፎረስትን ደገፈ። ብዙ መሐንዲሶች ውሳኔው የሰርኪውቱን አሠራር በትክክል ያልተረዳ ነው ብለው አዘኑ።

የሬዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያውን የክብር ሜዳልያ የሸለመው ለአርምስትሮንግ ነበር፤ የተሸለመውም በሬጄኔሬሽን ሥራው ነው። በ1934 በፊላደልፊያ በተደረገው የማኅበሩ ጉባኤ አርምስትሮንግ ሜዳልያውን ለመመለስ ተገኘ። የማኅበሩ አመራር ግን ሽልማቱ እንደጸና መሆኑን በይፋ አስታውቆ አልቀበልም አለው። ታዳሚው ተነሥቶ አጨበጨበለት። በሕግ ፊት ፈጠራው የደ ፎረስት ቢሆንም በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ የአርምስትሮንግ ሆኖ ቀረ።

ኤፍ ኤም፦ ከረባሽ ድምፅ ማምለጥ

ማጉላትና መምረጥ ከተቻለ በኋላ የቀረው ጠላት ረባሽ ድምፅ ነበር። መብረቅም ሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር የራሱን ሞገድ ይረጫል፤ ይህም በመቀበያው ኮሽታ ሆኖ ይሰማል። ማጉያ ምልክቱንም ኮሽታውንም እኩል ስለሚያጎላ አይጠቅምም። ማጣሪያም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም፤ ኮሽታው በሁሉም ድግግሞሽ ተበትኖ ስለሚገኝ ከምልክቱ ጋር በአንድ መስኮት ይገባል። ኮሽታውን ለመቀነስ መስኮቱ ሲጠብ ደግሞ ከፍ ያሉት የሙዚቃ ድምፆች አብረው ይቆረጣሉ።

በኤ ኤም ሬዲዮ መልእክቱ የሚጫነው በሞገዱ ቁመት ላይ ነው። መብረቅም የሚያዛባው በይበልጥ ይህንኑ ቁመት ነው። አርምስትሮንግ መልእክቱን ከቁመት አውጥቶ በድግግሞሽ ላይ ለመጫን ፈለገ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የኤ ቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ የሒሳብ ሊቅ ጆን ካርሰን በ1922 ባወጣው ጥናት ድግግሞሽን በጥቂቱ መለዋወጥ ጥቅም እንደሌለው አሳይቶ ነበር። በዚህም የተነሣ ብዙዎች መንገዱ የተዘጋ መስሏቸው ነበር። አርምስትሮንግ ግን ጠባቡን ትቶ ሰፊውን ሞከረ። ድግግሞሹ በሰፊው እንዲወዛወዝ አደረገ፤ በመቀበያው በኩል ደግሞ የሞገዱን ቁመት እኩል አድርጎ የሚቆርጥ ሰርኪውት (ሊሚተር) አስገባ። ቁመቱ ሲቆረጥ አብዛኛው ኮሽታ አብሮ ይቆረጣል፤ መልእክቱ ግን በድግግሞሹ ውስጥ ስላለ አይነካም።

ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ ስፋት ነው። በኋላ በጸናው ደረጃ መሠረት የኤፍ ኤም ጣቢያ ድግግሞሽ ከመሐሉ ወደ ሁለቱም ጎን እስከ 75 ኪሎኸርዝ ይወዛወዛል፤ የሚያስተላልፈው ድምፅ ደግሞ እስከ 15 ኪሎኸርዝ ይደርሳል። በካርሰን ስም በሚጠራው ሕግ የሚያስፈልገው ስፋት 2 × (75 + 15) = 180 ኪሎኸርዝ ነው። ይህም ከኤ ኤም ጣቢያ ስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

አርምስትሮንግ በዲሴምበር 26 ቀን 1933 በኤፍ ኤም ላይ አምስት ፓተንቶች አገኘ። ከ1934 እስከ 1935 በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ በነበረው የአር ሲ ኤ ማሠራጫ ሙከራ አደረገ። ኖቬምበር 5 ቀን 1935 ደግሞ ለኒው ዮርክ መሐንዲሶች በይፋ አሳየ። ሥርጭቱ የተላከው በዮንከርስ ከነበረ የሬዲዮ አማተር ወዳጁ ቤት ነው። ታዳሚዎቹ ውኃ በብርጭቆ ሲቀዳና ወረቀት ሲጨማደድ በግልጽ ሰሙ፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ጸጥታም ፍጹም ነበር።

ከአር ሲ ኤ ጋር የተፈጠረው ቅራኔ

ሳርኖፍ ይጠብቅ የነበረው ኮሽታን የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ እንጂ ማሠራጫውንም መቀበያውንም የሚቀይር አዲስ ሥርዓት አልነበረም። አር ሲ ኤ በኤ ኤም ሬዲዮ ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ነበር፤ ዓይኑም በቴሌቪዥን ላይ ነበር። በ1935 አርምስትሮንግ ዕቃውን ከኤምፓየር ስቴት እንዲያነሣ ተጠየቀ።

እርሱም በራሱ ገንዘብ በሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ በኒው ጀርዚ አልፓይን በተባለ ቦታ፣ ከ120 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ማማ ሠርቶ የኤፍ ኤም ጣቢያ አቋቋመ። ጣቢያው በ1939 በሙሉ ኃይል ማሠራጨት ጀመረ። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1941 ጀምሮ ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ያለውን ባንድ ለንግድ ኤፍ ኤም ፈቀደ። ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዜኒት የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለፓተንቱ ክፍያ ይከፍሉ ጀመር። አር ሲ ኤ በ1940 አንድ ሚሊዮን ዶላር በአንድ ጊዜ ለመክፈል ጠየቀ። አርምስትሮንግ ግን ሌሎቹ ከሽያጫቸው ድርሻ እየከፈሉ ለአንዱ ብቻ የተለየ ውል መስጠት አግባብ አይደለም ብሎ እምቢ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ፓተንቶቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ።

በ1945 ኮሚሽኑ ኤፍ ኤምን ወደ 88 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ አዛወረው። ምክንያት አድርጎ ያቀረበው በታችኛው ባንድ ላይ ከሩቅ ጣቢያዎች ሊመጣ የሚችለውን ጣልቃ ገብነት ነው። አርምስትሮንግ ይህን ተቃወመ፤ ነገር ግን አልተሰማም። በሕዝብ እጅ የነበሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኤፍ ኤም ሬዲዮዎችና የነበሩት ማሠራጫዎች በአንድ ውሳኔ ከጥቅም ውጪ ሆኑ። አር ሲ ኤ በበኩሉ ለቴሌቪዥን ድምፅ ኤፍ ኤምን ሲጠቀም ለአርምስትሮንግ አይከፍልም ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አርምስትሮንግ በጁላይ 1948 በአር ሲ ኤና በኤን ቢ ሲ ላይ ክስ መሠረተ። የተከሳሾቹ ጠበቆች እርሱን ብቻ ከአንድ ዓመት በላይ በቃል ጠየቁት። የኤፍ ኤም ዋና ፓተንቶቹ በ1950 ጊዜያቸው አለፈ፤ የገቢው ምንጭም ደረቀ። የጠበቃና የምርምር ወጪው ሀብቱን ጨረሰው፤ ጤናውም ታወከ። በ1953 መጨረሻ ከሚስቱ ጋር ተጣላና መታት፤ ማሪዮንም ቤቱን ለቃ ወደ እኅቷ ሄደች። አርምስትሮንግ ጃንዋሪ 31 ቀን 1954 ሌሊት ከሚኖርበት የኒው ዮርክ ሕንፃ 13ኛ ፎቅ ራሱን ወርውሮ ሞተ። ሬጄኔሬሽንን በውል አዋዋይ ፊት ካስመሰከረ ልክ 41 ዓመት ሆኖት ነበር።

ማሪዮን አርምስትሮንግ ሙግቱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በዚያው በ1954 መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በመክፈል ታረቀ። ከሌሎቹ ኩባንያዎች ጋር የነበሩትንም ክሶች አንድ በአንድ አሸነፈች ወይም በስምምነት ጨረሰች። የመጨረሻው በሞቶሮላ ላይ የነበረው ክስ በ1967 ሲዘጋ አርምስትሮንግ የኤፍ ኤም ፈጣሪ መሆኑ በሕግ ጸና።

ለዛሬው የሰርኪውት ትምህርት ያለው ትርጉም

የአርምስትሮንግ ፊድባክ ምልክቱን በመደገፍ ያጎላል። በቤል ላቦራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ሃሮልድ ብላክ በ1927 ተቃራኒውን አሰበ፦ የወጣውን ምልክት ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ። ይህ ኔጌቲቭ ፊድባክ ማጉላትን ይቀንሳል፤ ነገር ግን አምፕሊፋየሩን የተረጋጋ ያደርገዋል። ለምሳሌ 100,000 ጊዜ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ከውጤቱ አንድ አሥረኛው ተገልብጦ ቢመለስለት ጠቅላላው ማጉላት 9.999 ይሆናል። አምፕሊፋየሩ ደክሞ ማጉላቱ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ጠቅላላው 9.998 ነው። ተማሪዎች በኦፕ አምፕ የሚሠሩት የድምፅ አምፕሊፋየር በዚህ ሕግ የሚመራ ነው። ሽቦው በስሕተት ከፖዘቲቩ መግቢያ ጋር ሲያያዝ ግን ኔጌቲቭ ፊድባኩ ወደ ፖዘቲቭ ይለወጣል፤ ሰርኪውቱም ድምፁን በትክክል ማጉላቱን ትቶ ውጤቱ ወደ አንዱ ጫፍ ሄዶ ይጣበቃል ወይም ይጮኻል።

የኤፍ ኤም ሥርጭት ቀላሉን የአርሲ ማጣሪያም (ከሬዚስተርና ከካፓሲተር የሚሠራውን) ይጠቀማል። በኤፍ ኤም መቀበያ የሚቀረው ኮሽታ በከፍተኛ ድምፆች ላይ ይበረታል። ስለዚህ ማሠራጫው ከፍተኛ ድምፆችን አስቀድሞ ያጎላል፤ መቀበያው ደግሞ በዚያው ልክ መልሶ ይቀንሳቸዋል፤ ሲቀንሳቸው ኮሽታውንም አብሮ ይቀንሳል። በአሜሪካ የዚህ ማጣሪያ የጊዜ መጠን 75 ማይክሮሰከንድ ነው። 75 ኪሎኦም ሬዚስተርና 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይህንን ይሰጣሉ፤ ማጣሪያውም ከ2,122 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ መቀነስ ይጀምራል።

በአዲስ አበባ የሚደመጡት ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1 እና ሸገር 102.1 በስማቸው የያዙት ቁጥር የሚያሠራጩበትን ድግግሞሽ በሜጋኸርዝ ያመለክታል። በተለመደው የኤፍ ኤም ሬዲዮ ሸገርን ለማዳመጥ ቁልፉ ሲዞር፣ በውስጡ ያለው ኦሲሌተር ብዙውን ጊዜ 112.8 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱም 10.7 ሜጋኸርዝ ይሆናል። ምርጫው በሱፐርሄትሮዳይን፣ ኦሲሌተሩ በፖዘቲቭ ፊድባክ፣ ሥርጭቱም በኤፍ ኤም የሚሠራ በመሆኑ ሦስቱም የአርምስትሮንግ ሥራዎች በአንድ መሣሪያ ውስጥ ይገኛሉ።

መታሰቢያ

አርምስትሮንግ በሕይወቱ ሳለ በ1941 የፍራንክሊን ሜዳልያን፣ በ1942 ደግሞ የኤዲሰን ሜዳልያን ተሸልሟል። በ1980 በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ፤ በ1983 ደግሞ በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ምስሉ ታተመ። በአልፓይን ያቆመው ማማ እስከ ዛሬ አለ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ማዕከል ሲፈርስ በጣሪያው ላይ የነበሩት ማሠራጫዎች ጠፉ፤ የኒው ዮርክ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ለጊዜው ሥርጭታቸውን ከዚሁ ማማ ላይ አስተላልፈዋል።